ቦርከና አዝዋ ስልክ ውስጥ ለምን ገባ

ይድረስ ለልጄ አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ነው፣ ለተኳረፈም አይነፈግም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። እንዴት ከርመሃል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ያከራዩህ ሴትዮስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጤናህስ? ይቺን የመጨረሻዋን ለወጉ የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ፤ ከልቤ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ብሶበታል፣ ማራገቢያውም ተበላሽቶብን በርና መስኮት ከፍተን ነው የምንውለው። ልጃችን ረውዳ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ናት፣ አፏ ደግሞ ከሂሳቧም ይበልጣል፤ በማን እንደወጣች አላህ ይወቅ።

ሰላምታው ይኸው አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ንዴት ነውና ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሊድን ላክህብኝ። ሌላ ሰው አጥተህ ነው? ሠርጋችን ላይ ሚዜህ የነበረውን፣ ዛሬ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ቀኝ እጅህ የሆነውን ሰውዬ! በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ ሲያንገላታው መጥቶ ቢሯችን በር ላይ ቆመ። ተቀመጥ ብለው እምቢ፣ ውሃ ጠጣ ብለው እምቢ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደ ቁርኣን ቤት ደረሳ የሸመደደውን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ቦርከና የምትለውን ብራውዘሯን ከእኔ አዝዋ ስልክ ላይ እስከ ሰኞ ታንሳ ብለሃል። ካላነሳች ሰው ፕሮግራም ከሚያወርድበት መደብሬ ላይ ነቅዬ እጥለዋለሁ፣ የተጫነበትም ስልክ ላይ እንዳይሠራ አድርጌ እዘጋዋለሁ ብለሃል። ደንበኞቼን ልትሰርቅ ቤቴ ድረስ ገባች ብለሃል። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ብለሃል። ይቺን ተረት ከሊድ ከራሱ አልጨመራትም፤ የማን አፍ እንደሆነች አውቃለሁ።

ጨርሶ ላቡን ጠረገና፣ እኔ የለሁበትም እህቴ፣ መልእክተኛ ነኝ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሲወጣ ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያስር ነው የሄደው።

ሌባ አልከኝ ማለት ነው። እኔን! ያ ረቢ! እስቲ ሌባዋን ላስታውስህ፣ ረስተሃት ከሆነ። ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ በነበረችው ሱቅ ውስጥ አንተና እኔ የሰው ስልክ እየፈታን ስንገጥም፣ ለሁለታችን አንድ ወንበር ብቻ ስለነበረን በተራ ስንቀመጥ፣ ይሄን ሥራ ማን ነበር ያሰበው? ስልኩን ከቻይና ባዶውን አስመጥተን ውስጡን ራሳችን እንሙላው፣ የደሴ ዙሪያ ገበሬ በገዛ ቋንቋው የሚያዘው ስልክ እንሥራ ያልኩት እኔ አይደለሁም? ነጋዴው ጋሽ ሞላ አምነውን ገንዘባቸውን አወጡ፣ ጦሳ ስልክ ተሠራ። አንተ ስልኩን ያዝክ፣ እኔ ሰው ድረ ገጽ የሚከፍትበትን ብራውዘር ያዝኩ። ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ በሚሄደው ወንዝ ስም ቦርከና አልኩት። ከዚያ የሌላው ብራውዘር የማያደርገውን እንዲያደርግ አደረግን፤ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል። አንባቢ የምንቀጥርበት አቅም ስላልነበረን የተቀዳው የእኔ ድምፅ ነው። አንተ ነበርክ የምትቀዳኝ፤ ስሳሳት እየሳቅክ።

አሁን በቅርቡ ሸዋ በር ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ድምፄን ሰምተው ሲያበቁ፣ አንቺ ነሽ ለካ ትናንት በስልኬ ካሮት ረከሰ ያልሽኝ ብለው ተቆጥተውኛል። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ።

ከዚያ ፈታኸኝ። ሽማግሌ ተቀምጦ ምን አጠፋች ብሎ ሲጠይቅህ፣ ምንም አላጠፋችም አልክ። ታዲያ ለምን ሲሉህ ዝም። ተጣልተው የተለያዩ ይታረቃሉ፤ ያልተጣላ በምን ይታረቃል? የፍቺ መጠበቂያዬን፣ ኢዳዬን፣ ቆጥሬ ጨረስኩ። አንተ ደሴ ወጥተህ ከደሴ ነጋዴዎች ጋር አዝዋ ስልክን አቆምክ። ጦሳ ብለን ለጀመርነው አዝዋ ብለህ መለስክልኝ። ጦሳና አዝዋ ተራሮቹ እንኳ ደሴን መሃል አስቀምጠው በሰላም ነው የሚተያዩት! እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ኖርኩ። ለእናትህ ያልሆነ ቃል ተናግሬ ይሆን? ከሥራው አልፌ ኮርቼበት ይሆን? ሌላ ሴት አግኝቶ ነው አሉኝ። ጠበቅኩ፤ ሌላ ሴት አላገባህም። እሱ ደግሞ ከምንም በላይ አናደደኝ፤ ብታገባ እኮ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀው ነበር።

አሁን ለምን ገባሽ ትላለህ። አንተ ብቻ የጠየቅከኝ እንዳይመስልህ። የራሴ ሰዎችም እንዲህ እያሉ ነው ያደረቁኝ።

ሐሳቡን መጀመሪያ ሳነሳ ጋሽ ሞላ ቢሯቸው ጠሩኝ። ታውቃቸዋለህ፣ ሲናደዱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አንቺ ልጅ፣ ያለሽን ምርጥ ነገር ተሸክመሽ ተፎካካሪሽ ቤት የምታስቀምጪ ለምንድን ነው፣ እሱስ ቢሆን ምን ውለታ ውሎልሽ አሉኝ። እኔም ተዘጋጅቼ ነበርና ጀመርኩ። አዝዋ ስልክ የያዘ ሰው ለብራውዘር ብሎ ስልኩን ጥሎ የእኛን አይገዛም፤ ጎረቤቱ ጋ ቦርከናን ሰምቶ ግን ቀንቷል፣ በያዘው ስልክ ላይ ይልመደው፣ ስልኩ ያረጀ ዕለት የእኛን በር ያውቀዋል አልኳቸው። ሰው ቦርከና ላይ አንዳች ነገር በፈለገ ቁጥር የፍለጋው ድርጅት ለእኛ ይከፍላል፣ ድርጅቱ ደግሞ ስልኩ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም ስላቸው ባርኔጣቸውን ትንሽ ነካ አደረጉት። የበለጠውን ለመጨረሻ አቆይቼ ነበር። ጋሽ ሞላ፣ አልኳቸው፣ ትምህርት ቤቱም ጋዜጣውም የገበያ ዋጋ የሚያወጡትም ሰዎች ገጻችሁ ቦርከና ላይ በደንብ እንዲነበብ አስተካክሉት ስንላቸው ተጠቃሚያችሁ ጥቂት ነው እያሉ ያባርሩናል። አዝዋ የራሱ ብራውዘር አለው። ብቻውን ከነገሠ ነገ ገጽ ሁሉ ለእሱ ተብሎ ይሠራል፣ የእኛ ስልክ ላይ ሲከፈት የተቦጫጨቀ ነው የሚሆነው። ሁለቱም ስልክ ላይ ካለን ግን ማንም ሊረሳን አይችልም። ባርኔጣቸውን አነሱና አጠለቁ። አድርጊው አሉኝ።

ወንጌላዊት ግን አልተዋጠላትም። አብራኝ ኮድ የምትጽፈዋ ልጅ ናት፣ አንተ ከወጣህ በኋላ ነው የተቀጠረችው፤ ብልህ ናት። ስብሰባ መሃል ተነስታ፣ ሰው ጦሳን የሚገዛው ለቦርከና ብሎ አይደለም ወይ፣ ቦርከናን አዝዋ ላይ ካገኘው ጦሳን ለምን ብሎ ይገዛል አለች።  ጮህኩባት። ዛሬ ደሴ ላይ ሽያጫችን እንዳለችው ወርዷል፣ እሷም ሳታሳፍረኝ ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። እንደዚህ ዓይነት ዝምታ እንዴት እንደሚያቃጥል አንተ አታውቅም።

ለጋሽ ሞላ የነገርኳቸው አንዱም ውሸት አይደለም። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ደግሞ ትርፍ አለው። ግን አንዱም ምክንያቴ አይደለም።

ምክንያቴ የጀመረው ደጋን ከተማ፣ አክስትህ የሞቱ ዕለት ነው።

ፍቺ ቅሬን፣ የቀብር ዕድራችንን፣ አያፈርስም። ዛሬም ከሴቶቹ ቅሬ አልወጣሁም፤ ሰው ሲሞት እቀብራለሁ፣ ሲለቀስ አለቅሳለሁ። ዳሱ ተጥሎ ሰው ተቀምጧል። አጎትህ ሀምዱ ከመግቢያው አጠገብ ነበሩ። አባትህ ከታመሙ ጀምሮ ያሳደጉህ፣ ደብተር የገዙልህ፣ ኒካሃችን ላይ ለአንተ የቆሙልህ ሰው። አንተ ከውጭው ፀሐይ ወደ ጥላው ገባህ። እጃቸውን ዘረጉልህ። አለፍካቸው! እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። በለቅሶ ቤት፣ በደጋን፣ የእናትህ ወንድም እጅ! ዳሱ ሙሉ ሰው አየ። ሴቶቹ ጋ ሹክሹክታው ተነሳ። ብር እንዲህ ያደርጋል አለች አንዷ። ጠግቧል፣ አጎቱንም አያውቅ አለች ሌላዋ። አንዷ እንዲያውም ወደ እኔ ዞራ፣ እንኳንም ተገላገልሽው አለችኝ።

እኔ ግን ሹክሹክታውን ትቼ አንተን እያየሁ ነበር። ስትቀመጥ መጀመሪያ ፍራሹን በመዳፍህ ዳበስክ፣ ቀስ ብለህ፣ ሕፃን የተኛበት ይመስል። ውሃ ሲሰጡህ እጅህ ከብርጭቆው ጎን አየር ያዘ፤ ሰጪው ራሱ አስያዘህ። ሰው ሁሉ የሚያየው ኩራትህን ነበር። እኔ አባትህን አየሁ።

አላህ ይዘንላቸውና እሳቸውም እንደዚሁ ነበር አይደል የጀመራቸው? መጀመሪያ ጎን ጎኑ ጨለመ፣ የፊት ለፊቱ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠበበ። ስንጋባ ጨርሶ ጠፍቶባቸው ነበር። እናትህ ክንዳቸውን ይዘው መስጊድ በር ድረስ እያደረሱ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ አይቻለሁ። አንተም ታያቸው ነበር። አንድ ቀን፣ ሰው ለሰው እንዲህ ሸክም መሆን የለበትም ብለኸኛል። የዚያን ጊዜ ስለ እናትህ ያዘንክ ነበር የመሰለኝ።

ቅሬው ጉዳዩን ሳያይ አልቀረም። ያሳደገውን አጎቱን እጅ ያልጨበጠ የማንን ሊጨብጥ ነው ተባለና ሽማግሌዎች ፊት ቀረብክ። እዚያ ምን አልክ? ሰምቻለሁ፣ እንዳትክድ። ጠግቤ ነው፣ አፉ በሉኝ ብለህ ይቅርታ ጠየቅክ! ወይ ጉድ! አላየኋቸውም ብሎ በአንድ ቃል መገላገል ሲቻል፣ ጠግቤ ነው ብሎ ራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው የት አገር አለ? አጎትህ አፉ ብለውሃል፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ቤታቸው ገብተው ግን ልጄ ናቀኝ እያሉ አልቅሰዋል። የዓይንህን ነገር እንዳይሰሙብህ ብለህ የእሳቸውን አንጀት አሳረርክ። ይሄ ጀግንነት መስሎህ ከሆነ አይደለም፤ ጭካኔ ነው።

ከደጋን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ሁሉም ተራ በተራ መጣልኝ። ማታ መንዳት ለምን እንደተውክ። ደረጃ ስትወርድ ለምን ግድግዳ ይዘህ እንደምትወርድ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ኮዱን አንብቢልኝ እያልክ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እኔ ቂል ፍቅር መስሎኝ ስደሰት። ረውዳ ከአንተ ዘንድ በተመለሰች ቁጥር፣ አባቢ ተረት ሲያነብልኝ ከመጽሐፉ ውጭ ነው የሚያወራው፣ ግን የእሱ ይሻላል ስትለኝ እስቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምንም አላጠፋችም ያልከው እውነትህን ኖሯል።

እንግዲህ ልጠይቅህ ነው፣ ሽማግሌ በሌለበት። የፈታኸኝ እንደ እናትህ በር ላይ እንዳልጠብቅህ ብለህ ነው? ማን ጠየቀህ? ማን ፈቀደልህ? እኔ በሌለሁበት፣ የእኔን ሕይወት፣ ለእኔ ተብሎ! ልጠብቅ አልጠብቅ እኔ ነኝ የምወስነው እንጂ አንተ አይደለህም። አዝነህልኝ ነው አሉ! ሦስት ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ ምኔን ጠላው እያልኩ ራሴን ስመረምር፣ ለካ የተፈታሁት በእዝነት ነው። ሰድበኸኝ ቢሆን ወላሂ ይሻለኝ ነበር። እናትህን አንድ ቀን ደክሞኛል ሲሉ ሰምተሃቸዋል? እኔ አልሰማሁም። እንዲያውም አባትህ በሞቱ ማግስት፣ እጄ ሥራ ፈታ ብለው ነው ያለቀሱት።

እሺ፣ ካወቅኩ በኋላስ ምን ላድርግ? ብደውል አታነሳም። ሰው ብልክ ደህና ነኝ ብለህ ትመልሰዋለህ። ለእናትህ ብነግር እንደገና ሊያለቅሱ ነው። ጦሳ ስልክ ገዝቼ ብልክልህ የአዝዋ ባለቤት የጦሳ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይዞ ተገኘ ተብሎ ነጋዴዎቹ አይምሩህም፤ አንተም ብትሆን ከእኔ እጅ የመጣ ነገር አትነካም። የአዝዋን ብራውዘር ደግሞ የሠራኸው ዓይን ላለው ሰው ነው። ቆንጆ ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ቃል አይተነፍስም። የገዛ ስልኩን ማንበብ የማይችል የስልክ ድርጅት ባለቤት! ሠራተኞችህን ይሄን አንብብልኝ እያልክ፣ ሰነፍ ሀብታም መስለህ እንደምትውል ካሁን በፊት ከከሊድ አፍ ሳያውቀው አምልጦት ሰምቻለሁ። ጌታው ማንበብ አይወድም ነው ያለኝ። አንተ! መጽሐፍ ይዘህ እንቅልፍ የሚወስድህ ሰውዬ!

አንተ ወደ ቦርከና የማትመጣ ከሆነ ቦርከና ወደ አንተ ይምጣ አልኩ። አለቀ። ይሄው ነው ምክንያቴ። የፍለጋ ክፍያ፣ የገበያ ድርሻ፣ የድረ ገጽ ባለቤቶች፣ ይሄን ሁሉ ለጋሽ ሞላ የደረደርኩት አንድ ሰው ጆሮ ጋ ለመድረስ ነው። ድርጅት አንቀሳቀስኩ፣ ከወንጌላዊት ጋር ተቀያየምኩ፣ የደሴን ሽያጭ አስቀነስኩ፤ ቦርከና ስልክህ ላይ ተጭኖ ብቻህን ቢሮህን ዘግተህ የልብህን እንድትሰማ። አንተ ደግሞ ሌባ ብለህ ሚዜህን ላክህብኝ።

ሰኞ ዝጋው። ወላሂ አልለምንህም። ስትዘጋው ግን ማንን እንደምትዘጋ እወቅ። የደሴ ዙሪያው ገበሬ ሌላ ስልክ ይገዛል፣ ጋሽ ሞላም ሌላ ገበያ ይፈልጋሉ፣ እኔም እንደለመድኩት እኖራለሁ። ጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

ይሄን ደብዳቤ በወረቀት ያልጻፍኩልህም ለዚሁ ነው። ወረቀት ብልክ ለሌላ ሰው ነበር የምታስነብበው፣ የእኔንና የአንተን ነገር። አንተ ብቻ የምትከፍተው ገጽ ላይ አድርጌዋለሁ። ከሊድ ስልክህ ላይ ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርጎልህ እንዲወጣ ደውዬ አስምዬዋለሁ፤ የሥራ ጉዳይ ነው ያልኩት፣ የዓይንህን ነገር ለእሱ አልተነፈስኩም። ስለዚህ አሁን የምትሰማኝ በዚያው ልትዘጋው ባልከው ብራውዘር ነው። ድምፁ የእኔ ነው። ንዴት ግን ማሽኑ አይችልበትም፣ ለስለስ አድርጎ ያነብልህ ይሆናል። እንዳትታለል። እየጮህኩ ነው።

አሁን የቀረችውን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ፤ ከሁሉ ያናደደችኝ እሷ ናት።

ነገሩ በዘር እንደሚሄድ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነበር። አባትህ፣ ከዚያ አንተ። ሌሊት ሌሊት ረውዳን ሳስብ አልቻልኩም። በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ደሴ ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳት። አንተ ካለህበት ሩቅ አይደለም፣ በቢሮህ ስር ነው ያለፍነው። ረውዳ አባቢ ጋ እንግባ ብላኝ ቸኩለናል አልኳት። ሐኪሟ ዓይኗን በመሣሪያ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። ከቤተሰብ ዓይኑን ያመመው ሰው አለ ወይ አለችኝ። አያቷ አልኩ። ሌላስ አለችኝ። አባቷም አልኩ። አየህ፣ ባል ያልነገረኝን፣ ራሱ ያልመሰከረውን፣ እኔ ከፍራሽ መዳበስ ገምቼ ለሐኪም መሰከርኩ። ብሳሳትስ? ደግሞስ ደጋን ባልሄድ ኖሮ ምን ብዬ ነበር የምመልስላት? ማንም የለም ብዬ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ!

የዓይን ግፊት ነው አለችኝ። ገና ጅምሩ ላይ ነው፣ ምንም አልጎዳትም፣ እንኳን አሁን መጣችሁ አለች። ሕመም የለውም፣ ምልክት የለውም፣ የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ጠብታ አዝዛላታለች፣ በየማታው፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኳን። አባቷ ይምጣ፣ ምንም ያህል ቢቀረው የቀረውን ማትረፍ እንችላለን፣ ከቆየ ግን እሱም ይሄዳል ብላኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ የእኛ ሰዎች። አንተ የደበቅከው የራስህን ብቻ መሰለህ። የልጅህንም ነው የደበቅከው።

ለረውዳ ሁሉንም አልነገርኳትም። ይሄ የቤተሰባችሁ ነገር ነው፣ ከአያትሽ የመጣ፣ አባቢም አለበት ብቻ ነው ያልኳት። ትናንት ማታ ጠብታውን ሳደርግላት አላለቀሰችም፣ ትንሽ ቆረቆረኝ አለች። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ለአባቢስ ማን ነው የሚያደርግለት አለችኝ።  

እንግዲህ አላህ የቀረልህን ብርሃን ያቆይልህ። የልጃችንን ያቆይላት። የአጎትህን ልብ ይጠግንልህ፣ አንተም በገዛ እግርህ ሄደህ እውነቱን የምትነግርበትን ወኔ ይስጥህ። እኔንም ከዚህ ንዴት ያውጣኝ፣ ደክሞኛል። ሌላ የምለው የለኝም፤ ብቻ የፈታኸኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ሦስቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ለፈታ ሰው ሸሪዓው አዲስ ኒካሃ እንደማይከለክል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።

የልጅህ እናት
ከኮምቦልቻ